ጭረት

ደሴ፣ ከሆጤ በታች፣ በቆርቆሮው ክፍላችን፣
ጦሳ ጉሙን ፈትቶ ሲጥልብን በላያችን፣
እብሬ እጁን ነከሰ።
"ጀመረው" አለ አንዱ ልጅ፤ ወንበር ተተራመሰ።

ለምን ነከሰ? አልኩ። አዲስ ነኝ፣ አላውቅም።
"ቁጡ ነዋ" አሉኝ ደወል መቺዋ እማማ አሚናት፣ "ይህ አይጠየቅም።"
ቁጡነቱንስ በምን አወቁት?
"ይኸው እጁን ሲበላ! ምን ቀረው ለማወቅ?"
ስለሚቆጣ ይነክሳል፤ ስለሚነክስ ቁጡ ነው፤
አውድማ ላይ እንዳለ በሬ፣ ዞሮ እዚያው ዞሮ እዚያው፤
ያውም እህል ያልተነጠፈበት።

ከፒያሳ ደብተር ገዛሁ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ።
"ከፋው" አልልም፣ "ተናደደ" አልልም ብዬ ማልኩ።
ጥርሱ የቀኝ አውራ ጣቱን ግርጌ ሲነካ፣ አንድ ጭረት።
አራቱ ቆመው አምስተኛዋ ስትጋደምባቸው፣
እንደ በር መወርወሪያ።
ሰኞ አሥራ አራት። ማክሰኞ ሦስት። ረቡዕ ሃያ ሁለት።
ማየት ብቻ፤ እንዴት ይከብዳል ማየት፣
ስም ሳያወጡለት!

በሁለተኛው ወር ጭረቶቼ ከሰማይ ጋር ገጠሙ።
የበልግ ዝናብ በጣለ ቀን ጥርሶቹ አይደክሙም።
ጠዋት ጦሳን አያለሁ፤ ጉም ከታጠቀ፣
"ዛሬ ከአሥር ያልፋል" እላለሁ፤ ያልፋል።
መምህራኑ "ጠንቋይ ተቀጠረልን" ብለው ሳቁ።
ልዋሽ እንዴ? ደስ ብሎኝ ነበር።
ዶሮም እኮ መንጋቱን ያውቃል፤
ፀሐይን ግን አንድ ቀን ጎትቶ አላወጣም።

እናቱ ጦይባ፣ የሰኞ ገበያ ጨው ሻጭ፣
ደብተሬን ገልብጣ አየችና፦
"እና ዝናቡን ታቆመው ይሆን?"
ዝም አልኩ።

ያን ቀን ከሰማዩ ዓይኔን አውርጄ ክፍሉን አየሁት።
ዝናብ ሲጥል ጨዋታ የለም፤ ጽሕፈቱ ይረዝማል፤
ሀ፣ ሁ፣ ሂ፤ ለጣቱ አልታዘዝ የሚል እርሳስ፤
እብሬ ይነክሳል፤
እኛ እንሮጣለን፣ እርሳሱን እንነጥቃለን፣
በረንዳ ላይ፣ ለብቻው፣ በሰላም እናስቀምጠዋለን።
ለካ ጥርሱ አፍ ኖሯል! "በቃኝ" ይላል፤
እኛም የምንሰማው ደም ሲወጣው ብቻ ነበር።

ከወይራ አንዲት እንጨት ጠረብኩ፣ ጣት የምታክል፣
ቀይ ቀባኋት።
ይህችን ስጠኝ፤ እርሳሱ ይነሣል።
ሰጠኝ። ተነሣ።
በሦስተኛው ሳምንት ቆርቆሮው በዶፍ እየተቀጠቀጠ፣
ገጼ ባዶውን አፈጠጠ።

እዚህ ላይ ደብተሩን መዝጋት ይቻል ነበር።
ግን እንጨቷ ናት? ወይስ የሼሁ ዱዓ?
ወይስ የበልጉ መድከም? ወይስ ልጁ አደገ?
የሚፈታው አንድ ነገር ነው፦ እንጨቷን መውሰድ።

ጦይባን ለመንኳት።
"መልሰህ ልታስነክሰው?"
ሦስት ቀን ብቻ፣ አልኳት።
ጨው እንደምትሸጥ ሁሉ ዓይኔን ሳታይ፣
"ሁለት" አለች።

በመጀመሪያው ቀን ሰባት። በማግሥቱ አሥራ ዘጠኝ።
እያንዳንዱ ጭረት ማስረጃ ነው፤
እያንዳንዱ ጭረት ቆዳ ነው።
እንጨቷ ኪሴ ውስጥ እንደ ፍም ፈጀችኝ፤
እንደዚያን ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም፤
እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ሐሙስ መለስኩለት። ባዶ።
ጦይባ ሰምታ፣ "አብሽር" አለችኝ፣
እኔ ልላት የሚገባኝን።

ትናንት ዶፍ ሲወርድ፣ ጥግ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣
ሌላ ልጅ፣ ሌላ ጭረት ስቆጥር፣
እብሬ መጣ።
ቀዩዋን እንጨት ደብተሬ ላይ አኖራት።
ቆመ። እጄን አየ። ጠበቀ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

አልገረመውም። ዞሮ ሄደ፤
እንደማስቀምጥ ያውቅ ነበር።